አሥራ አራቱ ኪሎ ሜትር

ዘመንን የፈጠረ፣ ለራሱ ግን ዘመን የማይቆጠርለት አምላክ የሰውን መንገድ ያለ መለኪያ ያውቃል። ማን ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ ማን «ሄድሁ» ብሎ እንዳልሄደ፣ ማንስ ሄዶ ሳለ እንደ ካደ ከእርሱ የተሰወረ የለም። እኛ ግን የፊታችንን ብቻ ስለምናይ፣ የወንድማችን ደም ከመሬት እስኪጮህ ድረስ እንተኛለን። ይህ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ጩኸት ነው።

ድንጋይ የሚያወጡ ሠራተኞች ከዕረፍት ቀናቸው በኋላ በማለዳ ወደ ድንጋይ ካባው ሲደርሱ፣ ከገደሉ ሥር አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና በአፍንጫዋ ተተክላ አገኙ። በመሪው ላይ የተደፋው ሰው ሞቶ ነበር። ከላይ፣ በገደሉ አፍ ላይ፣ የፍሬን ምልክት አልታየም። የትራፊክ ፖሊሱም ጎንበስ ቀና ብሎ ተመለከተና «ራሱን ነው የጣለው» ብሎ መዘገበ።

ሟቹ የሕክምና መሣሪያዎችን በሚጠግን ድርጅት ውስጥ የወጪ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ነበር። ድርጅቱ የራሱ መኪና የለውም። ጠጋኞቹ በኮንትራት የሚሠሩ ናቸውና በየግል መኪናቸው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይጓዛሉ፤ ለሥራ በሄዱበት ኪሎ ሜትር ልክ ይከፈላቸዋል፤ ለመሄዳቸውም ማስረጃ የነዳጅ ደረሰኝ ያቀርባሉ። ያን ደረሰኝ ሲያበጥር የሚውለው ሟቹ ነበር። እንክርዳድ ስለማያሳልፍ ሠራተኛው ሁሉ «ወንፊት» ይለው ነበር፤ እርሱም ስሙን አልጠላውም።

ይህ ሰው ሞቶ በተገኘበት ጧት፣ ከመኪናው ኪስ ውስጥ በላስቲክ የታሰረ የነዳጅ ደረሰኝ ወጣ። በደረሰኞቹ ላይ ያለው ቀን የሰነበተ፣ ማደያውም አንድ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። «ለካስ ወንፊቱ ራሱ ቀዳዳ ኖሯል። ሐሰተኛ ደረሰኝ ሲሸጥ ኖሮ፣ ሊነቃበት ሲል አፈረ» አለ። ወሬ እግር የለውም፤ ግን ከመኪና ይፈጥናል። ቀን ከመጋመሱ በፊት ሟቹ በሰው አፍ ሌባም፣ ራሱን ገዳይም ሆነ። በቤቱ ልጁ ብቻዋን ተቀመጠች፤ ሊያስተዛዝን የመጣ ጎረቤት ደጃፉ ላይ ደርሶ፣ ጥቂት አመንትቶ፣ ይመለስ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ልጁ የሚያስተዛዝናት ሰው እንደማይገባ በገባት ጊዜ ተነሥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። እዚያ ያገኘቻት መርማሪ ዕድሜዋ ኀምሳን የተሻገረ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ስታዳምጥ ዐይኗን የምትጨፍን ሴት ነበረች።

«አባቴ ራሱን አላጠፋም» አለቻት።

«የኔ ልጅ፣ እንዲህ የማይል ልጅ አላየሁም።»

«ልጁ ስለሆንኩ አይደለም። የቤታችን ቧንቧ ያንጠባጥባል። ትናንት ሲወጣ የቧንቧውን ላስቲክ ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ "ስመለስ እሠራዋለሁ፤ አንቺ እንዳትነካኪው" ብሎኝ ነው የሄደው። ሊሞት የሚሄድ ሰው ቧንቧ ያስባል?»

መርማሪዋ የጨፈነችውን ዐይን ገለጠች። «ወዴት ሄደ?»

«"አንድ ወንድሜ ተሳስቷል፤ ለብቻው ልነግረው ነው" አለኝ። ማን ነው ስለው፣ "ከነገርኩሽማ ለብቻው መሆኑ ቀረ" ብሎ ሳቀብኝ።» ልጅቱ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። «እኔ ሐዘኑን እችለዋለሁ። ሰው በሌባ ስም ሲቀብረው ግን አልችልም። ሰፈር ውስጥ የሱን ስም ተሸክሜ ነው የምኖረው።»

መርማሪዋ ቀስ ብላ ተነሣች። «ነይ፤ መኪናውን እንየው።»

መኪናው በፖሊስ ግቢ ውስጥ ፊቱ ተጨፍልቆ ቆሟል። የጣቢያው መካኒክ በዘይት የተለወሰ እጁን እየጠረገ ተከተላቸው። መርማሪዋ በተሰበረው መስኮት አንገቷን አስገብታ መሪውን፣ ወንበሩን፣ ከመሪው ኋላ ያሉትን መለኪያዎች ተመለከተች። ከዋናው የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሥር ሌላ ትንሽ ቆጣሪ አለ፤ ከጎኑ ያለውን ጉጥ ሲጫኑት ወደ ዜሮ የሚመለስ፣ አንድን ጉዞ ብቻ ለመለካት የተሠራ። ቁጥሩ አሥራ አራት ላይ ቆሟል።

«ይሄ ትንሹ ምንድን ነው የሚነግረን?» ብላ ጠየቀች።

መካኒኩ «ዜሮ ከተደረገ ወዲህ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው» አላት።

ልጅቱ በድንገት ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «አሥራ አራት? ሊሆን አይችልም።»

«ለምን?»

«የነዳጅ ጌጁ ከሞተ ቆይቷል። አባቴ ነዳጁን የሚያውቀው በዚህች ቆጣሪ ነው። ሲሞላ ዜሮ ያደርጋታል፤ ሦስት መቶ ስትደርስ ደግሞ ይሞላል። ከዚያ ውጪ ማንም አይነካትም። ልጅ ሆኜ አንዴ ነካክቻት መንገድ ላይ ነዳጅ አልቆብን፣ እኔና እሱ መኪና ስንገፋ ዋልን። እስኪሞት ድረስ ይሄን ነገር ሲተርብብኝ ነበር።»

መርማሪዋ ወደ መካኒኩ ዞረች። «እንግዲህ ሟቹ ከሞላ ገና አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው የሄደው። ታንኩ ጢም ማለት አለበት።»

መካኒኩ ቀጭን ሽቦ አምጥቶ በታንኩ አፍ ሰደደና አወጣው። የረጠበውን ቦታ አሳያት። «ሩብም አይሞላ። ታንኩ ደግሞ አልተቀደደም፤ መሬቱ ደረቅ ነው።»

መርማሪዋ ሽቦውን ተቀብላ አየችው። «ነዳጅ ሳይሞላ ዜሮ ያደረገ እጅ አለ ማለት ነው» አለች። «ያም እጅ የአባትሽ አይደለም።»

በማግሥቱ ወደ ድርጅቱ ሄደች። መኪና መንዳት ዘግይታ የተማረች ናትና፣ አቋቋሟ የጣቢያው ሰው ሁሉ መሣቂያ ነበር፤ ያን ቀንም ያረጀችውን የቢሮ መኪና በድርጅቱ በር ላይ አግድም ጣለቻት።

ሥራ አስኪያጁ በሟቹ ክፍል ተቀበላት። በግድግዳው ላይ በሟቹ እጅ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፦ «የነዳጅ ደረሰኝ በመኪና ውስጥ አታስቀምጡ። ሙቀት ጽሑፉን ያጠፋዋል። የጠፋ ጽሑፍ አልቀበልም።»

«ቶሎ ይዘጋልን» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የድርጅቱ ስም ነው። የሞተ ሞቷል፤ ያለነውን አይጉዳን።»

«ያለነው እነማን ናችሁ?»

«ደረሰኝ የሚያመጡ ሦስት ጠጋኞች አሉ። ሦስቱም ከእሱ ጋር ይጨቃጨቁ ነበር። ግን ማን ከወንፊት ጋር ሳይጨቃጨቅ ያውቃል?»

ይህን ሲናገሩ በጠረጴዛው ላይ ያለው የሟቹ ስልክ ጠራ። መርማሪዋ አነሣችው። የሴት ድምፅ ነበር፤ ከሩቅ፣ ነፋስ እየቆራረጠው።

«አቤት፣ ከጤና ጣቢያው ነኝ፣ ነርሷ። ሰው መቼ ነው የሚመጣልን? ባለፈው ተቆጣጣሪው ራሳቸው መጥተው አይተው፣ "ለእኔ ተይው" ብለውኝ ነበር።»

«ምን ተበላሽቶባችሁ ነው?»

«የኦክስጅን መሣሪያው ነዋ! ዓመት አለፈው፤ አንድ ሰው ብቅ አላለም። ለእሳቸው ነግሬአቸዋለሁ፤ አንድ ጨቅላ እጄ ላይ ነው ያለፈው። እሳቸው አለቀሱ። እርስዎ ማን ነዎት?»

መርማሪዋ እንደ አግባቡ መልሳ ስልኩን አኖረችው፤ ከዚያም ሥራ አስኪያጁን ትኩር ብላ አየችው። «ወደዚያ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ማን ነው?»

«ሩቅ ስለሆነ በተራ ነው የሚሄዱት። ሦስቱም።» ፊቱ ትንሽ ዐመድ መሰለ። «እንዴት አልሄዱም? ኪሎ ሜትሩ በየጊዜው ተከፍሏል'ኮ! ወንፊት ራሱ ነው ያሳለፈው።»

«ወንፊትም አንዳንዴ የሚያምነው ሰው ይኖረዋል» አለች መርማሪዋ።

አስቀድማ ያስጠራችው ሴቲቱን ጠጋኝ ነበር። ባልደረቦቿ «ብረቷ» ይሏታል። ቱታዋን እንደ ለበሰች ገብታ ሳትጋበዝ ተቀመጠች።

«ጠልቼው ነበር፤ ልዋሽ?» አለች። «ባለፈው ወር አንድ ደረሰኝ መለሰብኝ። ለምን? ዘይት ነክቶታል ብሎ! መካኒክ ነኝ፣ ሽቶ ይንካው? ግን ስሚኝ፦ ሰውየው ሌባ አልነበረም። ሌባ ቢሆን ኖሮ እኔ መች እንደዚህ እቸገር ነበር! አሁን ሬሳ ላይ ምራቅ መትፋት ቀሏቸዋል።»

«የሄድሽበትን መንገድ እንዴት ነው የምትለኪው?»

ብረቷ መዳፏን ዘረጋችላት። በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር ነበረበት። «ስነሣ የዋናውን ቆጣሪ እዚህ እጽፋለሁ፤ ስደርስ ደግሞ ከሥሩ። ከዚያ እጄን አልታጠብም። ልጆቼ ይሥቁብኛል።»

«በዕረፍት ቀን የት ነበርሽ?»

«የሦስት ልጅ እናት ዕረፍት ምን እንደሆነ ንገሪኝና እመልስልሻለሁ። ልብስ ሳጥብ ዋልኩ።»

መርማሪዋ ፈገግ አለች። «እባክሽ መኪናዬ በሩን ዘግታለች መሰለኝ። ጉልበቴን አሞኛል፤ አዙረሽ ጥላው ሥር አቁሚልኝ።» ቁልፏን ሰጠቻት። መኪናዋ ከቆመች በኋላ መርማሪዋ እያነከሰች ሄዳ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየችና ተመለሰች።

ሁለተኛ የገቡት አንጋፋው ጠጋኝ ናቸው። የማይፈቱት ብሎን የለምና ትልቅ ትንሹ «ጋሼ መፍቻ» ይላቸዋል። ሌሎቹን ሁሉ ሙያ ያስተማሩ እርሳቸው ናቸው፤ የሟቹን ልጅም ክርስትና አንሥተዋል። ሲቀመጡ ዐይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ወንድሜ ነበር» አሉ። «ለልጅቱ ምን እንደምላት አላውቅም። ሰው ውርደት ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ራሱን አጥፍቶም ከሆነ፣ እግዚአብሔር ይማረው። እባክሽ ልጄ፣ ብዙ አትቆፍሪው። ለሷ ስትይ።»

«በዕረፍት ቀን አይተውታል?»

«ከቤቴ አልወጣሁም። ማንም አልመጣብኝም። ከቤቴ ጓሮ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ፤ እዚያ ስነካካ ዋልኩ።»

«ዛሬስ በምን መጡ?»

«በታክሲ። መኪናዬ ትንሽ አሟት ነበር፤ ሰው ጋ ናት።»

መርማሪዋ ስለ ጉልበቷ አመካኝታ ለእርሳቸውም ቁልፏን ሰጠቻቸው። መኪናዋ ከጥላው ሥር ወጥታ ወደ ግቢው ጀርባ እንድትዞር ለመነቻቸው። እርሳቸውም በትሕትና ዞር አድርገው አቆሙላት። እንደ በፊቱ እያነከሰች ሄዳ ወደ ውስጥ ተመለከተች፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታ ተመልሳም፣ ራሷ በግቢው ጀርባ አግድም አቆመቻት።

ሦስተኛው ጎረምሳ ሲሆን «ሳቂታው» ይባላል። በሐዘንም በደስታም ጥርሱ አይከደንም።

«እኔ የምለካው በስልኬ ነው» አለ። «ስልኬ ከኔ ይልቅ ሐቀኛ ነው። አንዴ ሚስቴ ጋ ጎራ ብዬ ያንንም ቆጥሮ፣ ወንፊት "ሚስትህም ጤና ጣቢያ ናት?" ብሎ ሠረዘብኝ።»

«የሰው ደረሰኝ የሚለቃቅም ሰው አለ ይባላል።»

«ደረሰኝማ እንደ እንጉዳይ ነው፤ ማደያው ላይ በራሱ ይበቅላል። ሹፌሩ ይሞላል፣ ይጥለዋል፤ የፈለገ ጎንበስ ብሎ ያነሣል። እኔ ወገቤን ያመኛል።» ትንሽ ሣቀና ድምፁን ቀነሰ። «እውነቱን ግን ልንገርሽ፦ ወንፊት ልብ ነበረው። ጋሼ መፍቻንማ እንደ ታላቅ ወንድሙ ነበር የሚያያቸው። እሳቸው ደግሞ መኪናቸው ዘንድሮ ሁሌ ታማሚ ናት፤ ስንት ጊዜ በኔ መኪና ተሳፍረው ሥራ ሄደዋል መሰለሽ! "ለሰው አትንገር፤ ያረጁ ይመስላቸዋል" ይሉኛል። ይኸው ለፖሊስ ነገርኩ።»

ለእርሱም ቁልፏን ሰጠችው። እርሱም መኪናዋን ወደ በሩ መልሶ ሲያቆም፣ «እትዬ፣ ይሄ አቋቋም ወንጀል ነው፤ ራስሽን ክሰሺ!» እያለ ሣቀባት።

ከዚያ ወዲያ መርማሪዋ ከድንጋይ ካባው ጫፍ እየተነሣች ወደ ድርጅቱ፣ ወደ ሟቹ ቤትና ወደ ሦስቱም ጠጋኞች መኖሪያ በየተራ ስትነዳ ዋለች። አስከሬኑን የመረመረውን ሐኪምም ጠይቃ መልሱን ሰማች።

በነጋታው ሁሉንም በድርጅቱ የጥገና አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ሥራ አስኪያጁ፣ ብረቷ፣ ጋሼ መፍቻ፣ ሳቂታው፣ ጥቁር የለበሰችው ልጅ፤ ሁሉም በተበተኑ መሣሪያዎች መካከል ተቀመጡ። ልጅቱ ከክርስትና አባቷ አጠገብ ነበረች፤ እርሳቸውም እጇን ይዘዋት ነበር።

መርማሪዋ ቆመች። «ከደረሰኙ ልጀምር» አለች፤ በላስቲክ የታሰረውንም አወጣች። «ይህ ከሟቹ መኪና ነው የተገኘው። ቀኑ ያለፈው ዓመት ነው። መኪናው ደግሞ በየቀኑ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ጽሑፉን እዩት።»

ብረቷ ተቀብላ አየችው። «ጥርት ብሏል'ኮ! እኔ መኪና ውስጥ ሦስት ቀን ብተወው ነጭ ወረቀት ነው የሚሆነው።»

«ሟቹ ይህን በግድግዳ ላይ ጽፎ የለጠፈ ሰው ነው። እነዚህ ደረሰኞች ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ሲቀመጡ ኖረው፣ ከሞቱ ጋር አብረው የተጨመሩ ናቸው። ሟቹን የገደለው ስሙንም ሊገድል ፈልጎ ነው።»

ልጅቱ በሌላ እጇ ደረሰኙን ተቀብላ አየችው።

«ሁለተኛው መኪናው ነው። ሟቹ ትንሹን ቆጣሪ የሚነካው ነዳጅ ሲሞላ ብቻ ነበር። እኛ ስናገኘው ግን ቆጣሪው አሥራ አራት ላይ ነው፤ ታንኩ ደግሞ ሩብ አይሞላም። ስለዚህ ሌላ ሰው መኪናውን አስነሥቶ፣ ዜሮ አድርጎ፣ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነድቶታል። አሁን ራሴን ጠየቅኩ፦ ሰው ገድሎ የሚሸሽ ሰው ኪሎ ሜትር ምን ያደርግለታል?»

ሁሉንም በየተራ አየቻቸው።

«ምንም። አስቦ አላደረገውም። እጁ ነው ያደረገው። ዕድሜ ልኩን በኪሎ ሜትር የሚከፈለው ሰው፣ ሞተር ሲነሣ እጁ ሳይታዘዝ ወደ ጉጡ ይሄዳል። ገበሬ ዕርፍ ሲጨብጥ እንትፍ እንደሚለው። ስለዚህ የየሰዉን እጅ ማየት ነበረብኝ። ያን ቀን መኪናዬን ያንቀሳቀሳችሁልኝ ለዚህ ነው። ብረቷ ነድታ ወጣች፤ ትንሹ ቆጣሪ እንደ ነበረ ነው። ሳቂታውም እንደዚያው፤ ቆጣሪዬን አልነካም፣ አቋቋሜን ብቻ ሰደበ። አንድ ሰው ግን የሰው መኪና መሆኑን እያወቀ፣ ከጥላው እስከ ግቢው ጀርባ ለምታህል መንገድ፣ ቁልፉን ሲያዞር ቆጣሪዬን ዜሮ አደረገልኝ።»

ጋሼ መፍቻ የልጅቱን እጅ እንደ ያዙ ነበሩ።

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

ሳቂታው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ኧረ በስመ አብ! እሳቸው'ኮ...»

«ተቀመጥ ልጄ» አለችው። «ልማድ ብቻውን ሰው አያስከስስም። ከካባው እስከ ድርጅቱ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ሟቹ ቤት ዘጠኝ። የብረቷ ቤት ስምንት፣ ያንተ ቤት ከሃያ በላይ። አሥራ አራት ላይ የቆመው የጋሼ መፍቻ ጓሮ ብቻ ነው። ዛሬ ጧትም ፖሊሶች ያን ጓሮ ከፈቱት። ሰው ጋ ናት ያሉን መኪና በሸራ ተሸፍና፣ በድንጋይ ላይ ቆማ አገኘናት። ሣር በጎማዋ መሐል በቅሏል። ከዓመት በላይ ንቅንቅ አላለችም።»

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን አሰገገ። «ኪሎ ሜትር ሲከፈልበት የነበረው መኪና?»

«ያው። ነዳጅ የማይጠጣ መኪና፣ ደረሰኝ ግን ያለው። ወደ ሩቁ ጤና ጣቢያ የምትሄዱት በተራ ነው ተባልኩ። ብረቷ፣ ያንቺን ተራ የሄድሽው መቼ ነው?»

ብረቷ ወደ ጋሼ መፍቻ ዞረች። «እኔማ... ጋሼ ናቸው የወሰዱልኝ። "ልጆች አሉሽ፤ መንገዱ ሩቅ ነው" ብለው።»

«የኔንም» አለ ሳቂታው በሰለለ ድምፅ። «"አንተ ገና ሙሽራ ነህ" አሉኝ። ደግነት መስሎኝ...»

«በዚያ ጤና ጣቢያ የኦክስጅን መሣሪያ ቆሞ አንድ ጨቅላ ሞቷል። ነርሷ ለወንፊት ነገረችው። እሱም ሄዶ በዐይኑ አየ። ወደ አለቃው መሄድ ይችል ነበር፤ ሕጉም ያዝዘዋል። እሱ ግን ወንጌል የሚያዝዘውን መንገድ መረጠ፤ አስቀድሞ ለብቻው ሊነግረው ወደ ወንድሙ ሄደ።»

ጋሼ መፍቻ የልጅቱን እጅ ለቀቁ። ሲናገሩ ወደ ማንም አላዩም።

«ሸራውን ግለጠው አለኝ። ገለጥኩለት። አልጮኸብኝም። "ነገ አንተው ራስህ ንገራቸው፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ" አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መኪና የሌለው ጠጋኝ ውሉ ይፈርሳል። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ሁሉ ጋሼ፣ ጋሼ የሚለኝ... ገፋሁት። መግደል አልነበረም። ብረት ማሰሪያው ሞርሳ ላይ በጭንቅላቱ ወደቀ። ከዚያ ዝም አለ። ኋላ ወንበር ላይ አስተኝቼ ሸራውን አለበስኩት። ካባው ጋ ስደርስ መሪው ላይ አስቀምጬ፣ ከማደያ የለቀምኩትንም ደረሰኝ መኪናው ኪስ ውስጥ ጨምሬ ለቀቅኩት። ሞቷል ብዬ ነው! በልጄ እምላለሁ፣ ሞቷል ብዬ ነው!»

መርማሪዋ ዐይኗን ጨፈነች። መናገር እንደ ከበዳት ሁሉም አዩ።

«አልሞተም ነበር፣ ጋሼ። ሐኪሙ ገደሉ ሥር ሲደርስ ልቡ ይመታ ነበር ብሎኛል። ያን መንገድ እኔም ነድቼዋለሁ። በትልቁ ሆስፒታል በር ላይ ያልፋል። እርስዎ በገዛ እጅዎ የጠገኗቸው የኦክስጅን መሣሪያዎች ያሉበት ሆስፒታል ነው። በሩ ክፍት ነበር።»

ሽማግሌው እንደ ተገዘገዘ ዛፍ ከወንበራቸው ወደ መሬት ወረዱ፤ በጉልበታቸውም ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«ልጄ...»

እርስዋም ከሕፃንነቷ ጀምሮ «አባባ» እንጂ ሌላ ያላለቻቸውን ሰው ቁልቁል አየቻቸው።

«አባቴ ለብቻህ ሊነግርህ መጣ» አለች። «ሰው እንዳይሰማብህ ብሎ። እኔ እንኳ እንዳልሰማብህ ብሎ። አንተ ግን በሸራ ሸፍነህ በሆስፒታል በር አሳለፍከው።»

ሽማግሌውም ፖሊሶቹ እስኪያነሷቸው ድረስ ከመሬት አልተነሡም።

ብረቷ ያን ዕለት ማንንም ሳታስፈቅድ ዕቃዋን ጭና ወደ ሩቁ ጤና ጣቢያ ተጓዘች። ሥራ አስኪያጁ በሟቹ ላይ የተናገረውን ቃል በተናገረበት ስፍራ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ሻረ፤ ከተከፈለው ኪሎ ሜትር ይልቅ፣ ተከፍሎበት ሳይኬድ የቀረው መንገድ ነበር የከበደው። ሳቂታውም ሳይሥቅ፣ ወንበር በትከሻው ተሸክሞ፣ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። ከእርሱ ኋላ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ፣ በዕፍረት ዝግ እያሉ፣ ሲያመነቱበት የነበረውን ደጃፍ ተሻገሩ። ልጅቱ ማንንም አልወቀሰችም፤ ለሁሉም መቀመጫ አመለከተች። ሲመሽም ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር፤ የሟቹም ስም በየአፉ በሚገባው ክብር ይጠራ ነበር። ሕይወቱን ግን ማንም አልመለሰለትም፤ የጨቅላውንም እንደዚያው።

ይህን ያነበብህ፣ ይህን ያነበብሽ ሆይ፣ መውጫ መግቢያችሁን የሚጠብቅ አምላክ ከቤታችሁ ላይ ዐይኑን አያንሣ። ወንድም ለወንድሙ እውነትን የሚናገርበት፣ የተነገረውም ሰምቶ የሚድንበት ቤት ያድርግላችሁ። ከደጃችሁ ወጥቶ የሚሄድ ሁሉ በሰላም ይመለስላችሁ፤ በቤታችሁም የሐሰት ምስክር ማደሪያ አያግኝ። አሜን።